ከማሕፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚፈስ ሽንት “ብርድ” አይደለም



በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ሕፃናት ክትባት ነው። እነዚህ የሁላችንንም በር የሚያንኳኩ ጉዳዮች ናቸው። ዛሬ የማነሣው ግን የጥቂት ሴቶችን በር ብቻ የሚያንኳኳ፣ ከገባ በኋላ ግን ሴቲቱን ከሰው መሀል አውጥቶ ኩላሊቷን ጭምር ሊያሳጣት የሚችል ችግር ነው። ማሕፀን በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርደው ቱቦ ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ በጊዜ ከታወቀ ይታከማል። እኛ ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ በጊዜው አይታወቅም። ለምን እንደማይታወቅ፣ ማንስ ምን ማድረግ እንዳለበት የራሴን አስተያየት ላካፍላችሁ።

ኪሌሌሽዋ ያየሁት

ኪሌሌሽዋ ናይሮቢ ውስጥ ዛፍ የበዛበት፣ ኑሮው ከፍ ያለ ሰፈር ነው። የድሮዎቹ ባለ ግቢ ቤቶች እየፈረሱ በምትካቸው ረጃጅም ፎቆች ተሠርተውበታል። ከአገራችን ሰዎች አንዳንዱ ፎቁን ተከራይቶ፣ አንዳንዱም ከፎቁ ጀርባ ባለችው የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ይኖርበታል። ከካምፕ በሪፈር ናይሮቢ መጥቶ የታከመ ሰው እዚያ ዘመድ ካለው፣ ቁስሉ እስኪደርቅ የሚያርፈው እዚያው ነው።

አንድ ጊዜ ሕመምተኛ አድርሼ ስመለስ፣ በዚህ ሰፈር የአጎታቸው ልጅ ቤት ያረፉ አንዲት የካምፓችንን እናት ልጠይቅ ጎራ አልኩ። የ46 ዓመት ሴት ናቸው፤ ማዮማ ለረዥም ጊዜ ደም ሲያፈስሳቸው ቆይቶ ማሕፀናቸው ከወጣ 19ኛ ቀናቸው ነበር። ታሪካቸውን የምጽፈው በፈቃዳቸው ሲሆን፣ ስማቸውንም የታከሙበትንም ቦታ አልጠቅስም።

ክፍሏ ውስጥ ዕጣን ይጨሳል። ቡና ስላልተፈላ ገረመኝ። እሳቸው በር አጠገብ፣ ከሰው ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ፍራሹ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል። ቀዶ ሕክምናው እንዴት እንደሆነ ስጠይቃቸው “ተመስገን፣ ደሙ ቆሟል” ብለው ዝም አሉ። የአጎታቸው ልጅ ግን ወደ ውጪ ጠርታኝ፣ “ከሳምንት ወዲህ ሽንት መቋጠር አቅቷታል። ብርድ ነው ብለን አብሽና አጥሚት እየሰጠናት ነው፤ ውሃ ግን እንዳይበዛባት ቀንሰንባታል” አለችኝ።

ተመልሼ ገባሁና እንዲህ ስል ጠየቅኋቸው።

“እትዬ፣ ሽንት ቤት ሲሄዱ ሽንት ይወርድልዎታል?”

“ይወርዳል እንጂ ሲስተር! እሱ እኮ ነው ግራ የገባኝ። እንደ ጤነኛ ሰው እሸናለሁ፤ ገና ከመነሣቴ ደግሞ ሌላው ይፈሳል። ሁለት ፊኛ ያለኝ ነው የሚመስለኝ።”

እኚህ እናት ሳያውቁት የበሽታውን ስም ነገሩኝ። እንደ ልማዳቸው እየሸኑ በጎን ደግሞ ያለማቋረጥ የሚፈሳቸው ከሆነ፣ አንደኛው ኩላሊት ሽንቱን በትክክል ወደ ፊኛ እያወረደ፣ የሌላኛው ኩላሊት ቱቦ ግን ተጎድቶ ሽንቱ በብልት በኩል እየወጣ ነው ብሎ መጠርጠር ያስፈልጋል። በማግስቱ ወደ ታከሙበት ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። የግራ ኩላሊታቸው አብጦ ተገኘ። ሐኪሞቹ በጀርባቸው በኩል ቱቦ አስገብተው ኩላሊቱን አስተነፈሱት፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የተጎዳውን የኩላሊት ቱቦ በቀዶ ሕክምና ከፊኛው ጋር መልሰው አገናኙት። ዛሬ ደረቅ ናቸው። ኩላሊታቸውም ተርፏል።

ኪሌሌሽዋ ያን ዕለት ባልሄድ ምን ይሆኑ ነበር? ለሳምንት ፈቃድ ጠይቀው፣ በላስቲክ ላይ ተቀምጠው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ካምፕ ይመለሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዝም ይሉ ነበር።

የራሴ ጥፋት

ይህን የምጽፈው ሁሉን ያወቅሁ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት በሌላ ቦታ፣ በአንድ ክሊኒክ ስሠራ፣ አንዲት ሴት በወገቧ የግራ ጎን ውጋት እየተመላለሰች ትመጣ ነበር። ሽንት አይፈሳትም። የሽንት ኢንፌክሽን ነው ብዬ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ሰጠኋት። ሦስቱንም ጊዜ “ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና አድርገሽ ታውቂያለሽ?” ብዬ አልጠየቅኋትም። ማሕፀኗ ከወጣ አምስት ወሩ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በሌላ ምክንያት አልትራሳውንድ ስትነሣ የግራ ኩላሊቷ ቀጥኖ፣ ሥራ አቁሞ ተገኘ። ቱቦው በክር ታስሮ ነበር ማለት ነው። ውጋቱ በኋላ የተዋት ድና ሳይሆን ኩላሊቱ ስለሞተ ነው።

ይህንን ጥፋት ተሸክሜ እኖራለሁ። ለዚህም ነው ለሁላችሁም፣ በተለይ ለበጎ ፈቃደኞች፣ ሳልሸፋፍን የምጽፈው።

ቱቦው የት ነው ያለው?

እያንዳንዳችን ሁለት ኩላሊት አለን። ከእያንዳንዱ ኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድ አንድ ቀጭን ቱቦ አለ፤ በሕክምና ቋንቋ ዩሬተር ይባላል። ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ደግሞ የእስክሪብቶ ቀፎ እንኳ አይሞላም። ሽንት ሁልጊዜ ጠብ ጠብ እያለ በእሱ ይወርዳል።

አስቸጋሪው ነገር መንገዱ ነው። ይህ ቱቦ ወደ ፊኛ ከመድረሱ በፊት ከማሕፀን በር አጠገብ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያልፋል፤ ለማሕፀን ደም የሚያመጣው ትልቅ የደም ሥርም በላዩ ላይ ይሻገራል። ማሕፀን ሲወጣ ያ የደም ሥር የግድ መታሰርና መቆረጥ አለበት። እንግዲህ ደሙን ለማቆም የገባ ክር ወይም መቆንጠጫ፣ ሁለት ጣት ያህል እንኳ የማይርቀውን የሽንት ቱቦ ሊይዘው፣ ሊቆርጠው፣ ሊያጣምመው ወይም ደም ለማቆም በሚያገለግለው የኤሌክትሪክ ሙቀት ሊያቃጥለው ይችላል። በተቃጠለ ጊዜ ቱቦው ወዲያው ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው የሚበሳው። ለዚህም ነው ሴቲቱ ከሆስፒታል ደረቅ ወጥታ ቤቷ ከገባች በኋላ መፍሰስ የሚጀምራት።

ይህ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም። ለተራ ሕመም በተረጋጋ ሁኔታ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከ100 ሴቶች አንዷን ቢያገኛት ወይም ከዚያ ቢያንስ ነው። ማዮማው ትልቅ ሲሆን፣ ካንሰር ሲኖር፣ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና ወልዳ ሥጋው የተጣበቀ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በወሊድ ጊዜ ማሕፀን ተቀዶ ደም እየፈሰሰ በጥድፊያ ሲሠራ ግን አደጋው ይጨምራል።

ፌስቱላ የምጥ ብቻ አይደለም

እኛ ኢትዮጵያውያን ፌስቱላ ሲባል ወዲያው የምናስበው በገጠር ምጥ የጠናባትን ልጃገረድ ነው። ልክ ነው፤ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት ለእነዚያ ሴቶች ነበር። ዶክተር ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ ድረስ ሕይወታቸውን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተዋል። የሐምሊኖች ታማሚ የነበሩት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ሥራውን ተምረው ራሳቸው ሌሎች ሴቶችን በቀዶ ሕክምና የሚያክሙ ሆነዋል። ይህ ታሪክ የሚያኮራን ነው።

ግን ዘመኑ ሌላ መልክ አምጥቷል። ዶክተር ቶማስ ራሰንና ባልደረቦቻቸው ከ1994 እስከ 2012 በ11 አገሮች የታከሙ 5,959 የፌስቱላ ሴቶችን መዝገብ መርምረው በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ 805ቱ ጉዳቱ የደረሰባቸው በምጥ ሳይሆን በቀዶ ሕክምና ወቅት መሆኑን አሳይተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ሲሶው ያህል የኩላሊት ቱቦ ጉዳት ነበር። አብዛኞቹ ለወሊድ ችግር የተሠሩ ሲሆኑ፣ የቀሩት በማዮማና በመሳሰለው ምክንያት ማሕፀናቸው የወጣ ሴቶች ናቸው። እንግዲህ “እኔ አርጅቻለሁ፣ ወልጄም ጨርሻለሁ፣ ፌስቱላ አይነካኝም” ማለት አይቻልም።

የኔ አቋም፤ ጉዳቱ አደጋ ነው፣ መዘግየቱ ግን የኛ ነው

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው “ሐኪሙ ጨርሷታል” ይላሉ። እኔ እንዲህ አልልም። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሐኪም እጅ ላይም ይደርሳል። በአንጻሩ ደግሞ “አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል” ብሎ መተውንም አልቀበልም። ጉዳቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በደቂቃዎች ይደርሳል። ኩላሊት የሚሞተው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው፤ እነዚያ ሳምንታት ደግሞ የሚያልፉት በሆስፒታል ሳይሆን በእኛ መሀል፣ በዘመድ ቤት፣ በአውቶቡስ ላይ፣ በካምፕ ውስጥ ነው።

“ይህን ካወራችሁ ሴቶቻችን ፈርተው ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ይላሉ” የሚሉኝ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ደም እያፈሰሰ ያለ ማዮማም፣ ካንሰርም ይገድላል፤ ማሕፀን ማውጣት ብዙ ሴቶችን ከሞት አድኗል፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን ቀዶ ሕክምና በዚህ ጽሑፍ ምክንያት አትተዉ። የምላችሁ፣ ገብታችሁ ታከሙ፤ ከወጣችሁ በኋላ ግን ራሳችሁን ጠብቁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ?

ምልክቶቹን ዕወቁ

ማሕፀኗ ከወጣ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ከሚከተሉት አንዱ የታየባት ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

– ሳታስበው ከብልቷ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ሲወርድ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ይጀምራል። እየሸናችም ቢሆን የሚፈስ ከሆነ ይበልጥ ይጠረጠራል።
– ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ጎኗ ወይም በጀርባዋ ሲወጋት።
– ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲኖር።
– ሆዷ ተነፍቶ አልወርድ ሲል፣ ሲያስመልሳት፣ ምግብ እምቢ ሲላት። ሽንት ወደ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲፈስ እንዲህ ይሆናል።
– ከቁስሉ ላይ ሽንት የሚመስል ውሃ ሲወጣ።
– ሽንቷ እጅግ ሲቀንስ። ጨርሶ ከቆመ ሁለቱም ቱቦዎች ታስረው ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ምንም ምልክት ሳያሳይ ኩላሊት የሚያጠፋም አለ። ስለዚህ ውጋቱ ቀላል ነው ተብሎ አይተው። ውጋት መጥቶ በራሱ ጠፋ ማለትም ሁልጊዜ ድኛለሁ ማለት አይደለም፤ የነገርኳችሁን ሴት አስታውሱ።

እባካችሁ ውሃ አትቀንሱ። ውሃ መቀነስ የሚፈሰውን አያቆምም፤ ሽንቱን አወፍሮ ሽታውን ያብሳል፣ ቆዳን ይልጣል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። አብሹም፣ አጥሚቱም፣ ጠበሉም አይከለከልም፤ ነገር ግን የተበሳ ቱቦ በእነርሱ አይደፈንም።

እንዴት ይመረመራል?

ምርመራው እኛ እንደምንፈራው ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ነው፤ ሕመም የለውም፣ ሽንት መውጫ ያጣ ኩላሊት አብጦ ይታያል። ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው። እዚህ ላይ በጎ ፈቃደኞችም፣ ነርሶችም ልብ በሉ፤ አንዱ ኩላሊት ጤነኛ ከሆነ የደሙ ውጤት ደህና ሊመስል ይችላል። “የኩላሊት ምርመራሽ ጥሩ ነው” ተብሎ ብቻ መመለስ አይበቃም።

ሽንቱ የሚወጣው ከፊኛ ይሁን ከኩላሊት ቱቦ ለመለየት ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ፊኛው በካቴተር በኩል ሰማያዊ ቀለም ባለው ውሃ ይሞላል፤ በብልት ውስጥ ጥጥ ይቀመጣል። ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ቀዳዳው ፊኛው ላይ ነው። ጥጡ ርሶ ቀለም ከሌለው ግን ቀዳዳው ከላይ፣ ከኩላሊት ቱቦው ላይ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። አንዳንዴ ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ። ከዚያ በኋላ ስፔሻሊስቱ ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ በሚነሣ ሲቲ ስካን ወይም ራጅ፣ ወይም በፊኛ ውስጥ በሚገባ ትንሽ ካሜራ ትክክለኛውን ቦታ ያገኘዋል።

ሕክምናውና የሚረሳው ቱቦ

ጉዳቱ እዚያው ቀዶ ሕክምናው ላይ ከታየ ወዲያው ይጠገናል፤ ከሁሉ የሚሻለውም ይህ ነው። በኋላ ከታወቀ ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ስቴንት የሚባል ለስላሳ ቀጭን ቱቦ ከፊኛ ወደ ኩላሊት ማስገባትና የተጎዳው ቱቦ በላዩ ላይ እስኪድን ለሳምንታት መተው ነው። ስቴንቱ አላልፍ ካለ በጀርባ በኩል ወደ ኩላሊቱ ቱቦ ገብቶ ሽንቱ ወደ ከረጢት እንዲወርድ ይደረጋል፤ ይህ ኩላሊቱን ለማትረፍ ነው። ሦስተኛው በቀዶ ሕክምና የተጎዳውን ክፍል ትቶ ጤነኛውን ቱቦ እንደገና ከፊኛው ጋር መስፋት ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና ልምድ ባለው ሐኪም ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። አንዳንዴ ወዲያው ይሠራል፤ አንዳንዴም ቁስሉና ኢንፌክሽኑ እስኪበርድ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። “ጠብቂ” መባል “ተትተሻል” ማለት አይደለም፤ ግን ስትጠብቁ ኩላሊቱ መተንፈሻ ተደርጎለት መሆን አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ በትልቁ ልጻፍላችሁ፦ ስቴንት ሰውነት ውስጥ የሚቀር ዕቃ አይደለም፤ መውጣት አለበት! ሐኪሙ በቀጠረው ቀን፣ በተለምዶ ከሦስት ወር ሳይዘገይ ይወጣል ወይም ይቀየራል። ከተረሳ ድንጋይ ይበቅልበታል፣ ይዘጋል፣ ያዳነውን ኩላሊት መልሶ ይገድለዋል። እኛ ስደተኞች ደግሞ እንንቀሳቀሳለን፤ ዛሬ ናይሮቢ፣ ነገ ካምፕ፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛ አገር። ስለዚህ “ውስጤ የቀረ ቱቦ አለ ወይ? መቼ ይወጣል?” ብላችሁ ሳትጠይቁ ከሆስፒታል አትውጡ።

ሕክምናው የት ይገኛል ለምትሉ፣ መነሻው እዚሁ ካምፓችን ያለው ክሊኒክና የሪፈር ክፍሉ ነው። ኬንያ ውስጥ ይህን የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ኤልዶሬት ውስጥ ጋይኖኬር የተባለ የሴቶችና የፌስቱላ ሆስፒታል አለ። ናይሮቢ በሚገኘው በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታልም ባለፉት ዓመታት ነፃ የፌስቱላ ሕክምና ዘመቻዎች ተካሂደዋል። የፌስቱላ ሕክምና ብዙ ጊዜ በዕርዳታ ስለሚሸፈን፣ “ገንዘብ የለኝም” ብላችሁ ሳትጠይቁ አትቅሩ።

ወረቀቱና ቋንቋው

ናይሮቢ ታክመው ከሚመለሱት ሴቶች መካከል “ምን ተደረገልሽ?” ስላቸው “ዕጢ አወጡልኝ” ከማለት በቀር የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ማሕፀናቸው መውጣቱን ሳያውቁ የመጡም አጋጥመውኛል። ወረቀታቸውን ስጠይቅ ዘመድ ቤት ቀርቷል፣ ወይም ልጅ ቀዶታል። ያለ ወረቀት ደግሞ ካምፕ ያለ ነርስ ከጨለማ ጋር ነው የሚታገለው። እኔ ያን ጊዜ እንደታገልኩት ማለት ነው።

ስለዚህ የመውጫ ወረቀታችሁን እንደ ራሽን ካርዳችሁ ያዙት። በስልክም ፎቶ አንሡት። ወረቀቱ ላይ ምን እንደወጣ፣ በየትኛው ቀን እንደተሠራ፣ ችግር አጋጥሞ ከሆነ፣ ስቴንት ካለና ቀጠሮው መቼ እንደሆነ መጻፉን አስጠይቁ።

ቋንቋውም ሌላ ግድግዳ ነው። ኪሌሌሽዋ ያገኘኋቸው እናት ሆስፒታል ሲሄዱ አስተርጓሚያቸው የ14 ዓመት ወንድ ልጃቸው ነበር። “ሐኪሙ ሌላ ችግር አለ ወይ ሲለኝ፣ በልጄ አፍ ሽንት ያመልጠኛል ብዬ እንዴት ልናገር?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሴት ሕመምተኛ ሴት አስተርጓሚ ልታገኝ ይገባል። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ሳይሆን የማሰብ ጉዳይ ነው።

ለድርጅቶቹ የማቀርበው ጥያቄ

ሪፈር የሚያጸድቁ አካላት ብዙ ሕመምተኛ፣ ጥቂት በጀት እንዳላቸው አውቃለሁ። ነገር ግን ማሕፀን ለሚወጣላት ሴት የጉዞው ፈቃድና መጓጓዣ ሲሰጥ፣ አንድ የክትትል ቀጠሮ አብሮ ይሰጥ። እዚሁ ካምፕ ውስጥ ቢያንስ አንድ አልትራሳውንድ፣ ከወጣች በኋላ በስድስተኛው ሳምንት ይነሣላት። አንድ አልትራሳውንድ ሊያስወጣ የሚችለው ወጪ፣ አንድ ኩላሊት ከጠፋ በኋላ ከሚመጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም። “ሁለት ኩላሊት አላት፣ አንዱ ይበቃታል” የሚል ሰው፣ የቀረው ኩላሊት ነገ ቢታመም ካምፕ ውስጥ ዲያሊሲስ ከየት እንደሚያመጣላት ይንገረኝ።

ለበጎ ፈቃደኞች፤ አራት ጥያቄዎች

በየብሎካችሁ ማን ቀዶ ሕክምና አድርጋ እንደተመለሰች እናንተ ከማንም በፊት ታውቃላችሁ። ከተመለሰች በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው፣ በ21ኛውና በ42ኛው ቀን ጎብኟት። ለብቻዋ አድርጋችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ሳያስቡት የሚወርድ ውሃ ወይም ሽንት አለ?
2. ጎንዎን ወይም ጀርባዎን ይወጋዎታል?
3. ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት ወይም ማስመለስ አለ?
4. ሽንትዎ ከበፊቱ ቀንሷል?

“አዎ” የሚል አንድ መልስ ካገኛችሁ ምክር አትስጡ፣ መድኃኒትም አትግዙ፤ አብራችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ለነርሱም “ማሕፀኗ ወጥቷል” ብላችሁ ከመጀመሪያው ተናገሩ። ያን ቃል ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አንዲት ሴት ዛሬ ሁለት ኩላሊት ይኖራት ነበር። የሰማችሁትን ደግሞ ለጎረቤት አታውሩ። ሴቲቱ ምሥጢሯን የምታወጣው ለምታምነው ሰው ብቻ ነው።

ለባሎችና ለቤተሰብ

ሚስት ከፍራሽ ወርዳ ለብቻዋ መተኛት ከጀመረች፣ እናት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ ካቆመች፣ እህት ዕጣን ማጨስ ካበዛች፣ “ምነው ተለወጥሽ?” ብላችሁ አትቆጡ። ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። እስክትታከም ድረስ ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳሙናና ውሃ አቅርቡላት። ቆዳዋን በውሃ ታጥባ አድርቃ ቫዝሊን ትቀባ። ከሁሉ በላይ ግን ከእናንተ ጋር አንድ ገበታ ላይ ትቀመጥ። ይህ ርግማን አይደለም፤ የተበሳ ቱቦ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይሁን እንጂ የሚደብቀው ሁልጊዜ ታማሚው ብቻ አይደለም፤ ሳንጠይቅ ስንቀር እኛም አብረን እንደብቃለን። እኚያ የኪሌሌሽዋ እናት ዛሬ ካምፕ ተመልሰዋል። ባለፈው ሰሞን ቤታቸው ጎራ ስል ቡና እያፈሉ አገኘኋቸው። ከጎረቤቶቻቸው መሀል ተቀምጠው ነበር፤ ዕጣኑም የጨሰው ለቡናው ነው። “ሲስተር፣ እንደኔ የሆነች ካለች ወደኔ ላኪያት፤ እኔ እነግራታለሁ” ብለውኛል። የምታውቋት ካለች ላኳት።